መጻሕፍቱ የበቀሉባቸው ጓሮዎች

ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ ኮልቼስተር ከተማ ለመድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከዚያ ትንሽ በመኪና ሲኬድ፣ ኤልምስቴድ ማርኬት የምትባል መንደር ዳር፣ የቤዝ ቻቶ የአትክልት ስፍራ ይገኛል። ሐምሌ ላይ ልጄን ለመጠየቅ ለንደን በሄድኩ ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱንና ድልድዩን ለሌሎች ትቼ፣ የምወዳቸው የአትክልት መጻሕፍት የተጻፉባቸውን ግቢዎች ሳይ ሰነበትኩ። እዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ስትሄዱ ታዩአቸዋላችሁ፤ ባትሄዱም መጻሕፍቱን ማስመጣት ይቻላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ አገር ሁሉ ጭቃና ጉም ለሚመስለው ሰው ኤሴክስ ያስገርማል። አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብላታል። ቤዝ ቻቶ በ1960 ሥራ የጀመረችው በባሏ የፍራፍሬ እርሻ ላይ፣ ለእርሻ አይሆንም ተብሎ በተተወ መሬት ነበር። ከፊሉ ጠጠርና አሸዋ፣ ከፊሉ ረግረግ። ባሏ አንድሩ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲያጠና ኖሯል፦ በየሰው ግቢ የምናየው ተክል መጀመሪያ በዱር የበቀለው የት ነው? በምን ዓይነት አፈር? እሷ ደግሞ የእሱን እውቀት ይዛ፣ መሬቱን ለተክሉ ከመለወጥ ይልቅ ለመሬቱ የሚሆነውን ተክል መፈለግ ያዘች። ከዚህ ነው በ1978 የወጣው «ደረቁ የአትክልት ስፍራ» የተሰኘው መጽሐፏ የተወለደው። ለረግረጉም በ1982 ሌላ ጽፋለታለች።

በጣም የሚጎበኘው ክፍል ቀድሞ የጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ የነበረው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመኪና ጎማ የጠጠረው መሬት ተቆፍሮ ብስባሽ ተጨመረበት፤ ተተከለ፤ ላዩ ጠጠር ተነሰነሰበት። ተክሉ ሥር ከያዘ በኋላ ውኃ አይጠጣም። ዝናብ ጠፍቶ የጎረቤት ሣር ቢጫ ሲሆን እንኳ ቧንቧ አይከፈትለትም። በሐምሌ ፀሐይ ስገባ ላቬንደሩ ንብ ወሮት ነበር፤ ቅጠላቸው ብርማ፣ ጠጉራም የሆኑ ተክሎች ከጠጠሩ መሐል ጉብ ጉብ ብለዋል። ብርማነቱ ለጌጥ አይደለም። ያ ጠጉር ቅጠሉ ውኃውን በፀሐይ እንዳይነጠቅ ይከላከላል። ጠጠሩም አረም ያፍናል፣ እርጥበት ያቆያል።

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። በየካቲት ሣራችን ሲነድ ያየን እናውቀዋለን። ነገር ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን የተክል ዝርዝር እንዳለ ገልብጣችሁ ግቢያችሁ ላይ እንዳትተክሉ። የእሷ ዝናብ ትንሽ ትንሽ እያለ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል፤ የእኛ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ተጠራቅሞ ይወርዳል። በጋውን ችሎ ያሳለፈ ተክል ነሐሴ ላይ ሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ከእሷ የሚወሰደው ጥያቄዋ ነው። እናቶቻችን ጓሮ ጤና አዳምና እሬት ያለ ብዙ ውኃ ለምን እንደሚከርሙ፣ የጥብስ ቅጠል ከየትኛው ጥግ እንደሚስማማ የሚያስጠይቅ መጽሐፍ ነው።

ከለንደን በተቃራኒው፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ፣ ኖርዚየም መንደር ውስጥ ግሬት ዲክስተር አለ። ክሪስቶፈር ሎይድ በ1921 የተወለደው በዚሁ ቤት ነው፤ በ2006 እስኪሞትም ቤቱ ይኸው ነበር። አትክልትን ያስተማረችው እናቱ ዴዚ ናት። አፈሩ ከባድ ነው፤ የእኛን ዋልካ ያረሰ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በ1970 ያሳተመው «ዘ ዌል ቴምፐርድ ጋርደን» ጠባዩን ይመስላል፦ አዋቂ፣ ቀልደኛ፣ አንዳንዴም ቁጡ። በ1990ዎቹ ለዘመናት የቆየውን የጽጌረዳ ቦታ ነቅሎ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የሞቃት አገር ተክሎችንና ደማቅ ዳሊያዎችን ሲተክልበት ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። (በነገራችን ላይ እንሰትን እንግሊዞች ለቅጠሉ ውበት ብቻ ይተክሉታል፤ ብርድ ሲመጣም ወደ ቤት ያስገቡታል። ቆጮውን ባወቁ!)

ለወላጆችና ለአያቶች ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ሁለቱ አብረው ያወጡትን ነው። ሎይድና ቻቶ ወዳጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የተጻጻፉት ደብዳቤ በ1998 ታትሟል። እሷ ጠጠር ላይ፣ እሱ ከባድ አፈር ላይ። ስለ ችግኝ ይጀምሩና ወደ ምግብ፣ ወደ ሙዚቃ፣ ወደ እንግዳ ይገባሉ። በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር ለመትከል የሚቸኩሉ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ማዳመጥ ደስ ይላል።

ከዲክስተር ብዙም የማይርቀው ሲሲንግኸርስት ሰው ይበዛበታል፤ ጠዋት ሂዱ። ቪታ ሳክቪል ዌስትና ባሏ ሃሮልድ ኒኮልሰን በ1930 የገዙት ፍርስራሽ ነበር። መስመሩን እሱ አሰመረ፣ ተክሉን እሷ ተከለች፤ ግቢው በግድግዳና በተከረከመ ተክል ተከፋፍሎ እንደ ቤት ክፍሎች ሆነ። ዝነኛው ነጭ የአበባ ክፍል ለእኔ ከፎቶው ብዙም አልበለጠብኝም። የክፍሎቹ ሐሳብ ግን ለጠባብ ግቢ ጭምር ይሠራል፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታየ ቦታው የሰፋ ይመስላል። ቪታ ለኦብዘርቨር ጋዜጣ ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ስትጽፍ የኖረችው በመጽሐፍ ተሰብስቧል። አጫጭር ስለሆነ ቡናው እስኪፈላ አንዱ ያልቃል።

የልጆቹ መጽሐፍ የመጣውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ሮልቨንደን መንደር ባለው ግሬት ሜይታም ሆል ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት ተከራይታ ትኖር ነበር፤ እዚያ ያገኘችው በግንብ የታጠረ አሮጌ የአትክልት ቦታ በ1911 «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» ለተባለው ልቦለድ መነሻ ሆናት። ቤቱ ዛሬ የግል መኖሪያ ስለሆነ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ታሪኩ ወላጆቿ ስለሞቱባት ከሕንድ ወደ እንግሊዝ ስለመጣች አኩራፊ ልጅና ስለተቆለፈ ግቢ ነው። እኔ የምወደው ግን ቤን ዌዘርስታፍ የተባለውን ነጭናጫ ሽማግሌ አትክልተኛ ነው። ልጅቷን አያባብላትም፤ ሥራውን እየሠራ ያናግራታል።

የልጅ ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጽሐፉን ማታ ማታ እሷ እያነበበች እኔ ሳዳምጥ ጨረስነው። በረንዳቸው ላይ ጤና አዳም በማሰሮ ተክላለች፤ ጠዋትም ማታም ታጠጣዋለች። ከአፈሩ ጋር ጠጠር ቀላቅለን እንደገና ተከልነው፤ አሁን በስልክ በደወለች ቁጥር የምታሳየኝ ቅጠሉን ነው።