ትወና በቡናው አገር

እህቴ ሆይ፣ ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ ብትጓዢ፣ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀሽ ዝናብና ደን የበዛበት አገር ትደርሻለሽ። ወደ ቴፒ ስታልፊ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይታይሻል።

በለቀማው ወራት ከሆነ ሴቶቹን ቆም ብለሽ ተመልከቺ። አንዱ እጅ ቅርንጫፉን ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላው ቀዩን ፍሬ ብቻ ቀጥፎ አረንጓዴውን ይተዋል። ቅርጫቱ እየሞላ ሲሄድ ወገብ ይጎብጣል። እስቲ አሁን ያለ ቡናና ያለ ቅርጫት በባዶ እጅሽ ያንኑ አሳዪ። ክብደቱ በወገብሽ ካልታየ ተመልካች አያምንሽም። የትወና ትምህርት የሚጀመረው ይህን በመሰለ ልምምድ ነው፤ መድረክም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም።

«በዚህ ዕድሜዬ? ሰውስ ምን ይለኛል?» ትዪ ይሆናል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቷን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ የወጡት ሐሜቱን ችለው ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ሥራና ልጆች ላሉብሽ ለአንቺ ግን የጎረቤት ቡና ይበቃል።

አቦሉ ሲቀዳ አንዷ ኪሎዋ የጎደለባት ለቃሚ፣ ሌላዋ ሚዛን ያዥ ትሁን። ለቃሚዋ ሳትጮኽና ሳታለቅስ ሒሳቧን ትጠይቅ። (ይህ ከሁሉ ይከብዳል!) ቶናው ላይ ቦታ ተለዋወጡ። ሚዛን ያዥ ሆና የተጫወተችው በተራዋ መልስ ስታጣ ታያላችሁ።

ልጆቹንስ ማን ይይዛል? አባታቸው ይያዙ፤ ሁለት ሰዓት ነው።