ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኮሌጆች

ኮሌጅ ማለት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው የሚማርበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት የሚያስብ ወላጅ «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም። እኔም ይህ ጭንቀት ደርሶብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የምኖረው በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ቦታ መጠበቅ ነው። ልጄ በሒሳብና በሳይንስ ጎበዝ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏት። አንደኛው ፖሞና ኮሌጅ፣ ሁለተኛው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ይባላል። ሁለቱም ያሉት ክሌርሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ክሌርሞንት ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ቢያስኬድ ነው።

ነገሩን ገጠር ላለችው እናቴ በስልክ ነገርኳት። «ጎረቤታም ከሆኑ ታዲያ ምን ይለያቸዋል? አንዱን ያዙና ተገላገሉ» አለችኝ።

የእናቴ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሁለት ማሳዎች ድንበር ለድንበር ሆነው፣ አንድ ዝናብ እየዘነበባቸው፣ አንዱ ጤፍ ሲወድ ሌላው ገብስ ይወዳል። ኮሌጅም እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያ የሚያመሳስላቸውን ልንገራችሁ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሃርቪ መድ 900 ያህል፣ ፖሞና ደግሞ 1,700 ያህል ተማሪዎች አሏቸው። እዚያው ሎስ አንጀለስ ያለው ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ከ40,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። ተማሪ ሲያንስ መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል። ደግሞም ሁለቱም የሚያስተምሩት ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ከመምህራን ጋር ምርምር የሚሠሩት እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስት ተመሳሳይ ኮሌጆች አጠገባቸው አሉ። አምስቱም በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማሉ። የአንዱ ተማሪ ሌላው ዘንድ ሄዶ መማርም ይችላል።

አሁን ወደ ልዩነታቸው ልምጣ። ፖሞና የተመሠረተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሙዚቃ፣ ሁሉም አለ። ተማሪው ሁሉንም ቀማምሶ ቆይቶ ይመርጣል። ነገር ግን ፖሞና ራሱ በምሕንድስና ዲግሪ አይሰጥም።

ሃርቪ መድ የተመሠረተው በ1955 ነው። የተቋቋመውም ለሳይንስና ለምሕንድስና ነው። እዚያ የገባ ተማሪ የፈለገውን ቢመርጥ በመጀመሪያ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ኮምፒዩተርና ምሕንድስና መማር ግዴታው ነው። «ይህ ይቅርብኝ» ማለት የለም። እንደ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያሉትንም ይማራል። ከገባ በኋላ «ሳይንስ ሰለቸኝ» የሚል ልጅ ግን ይቸገራል።

በቤታችን ክርክር ተነሣ። እኔ ሃርቪ መድን ወደድኩ። ልጄ መሐንዲስ ስትባል መስማት አማረኝ። ባለቤቴ ግን «የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነገ ሐሳቧ ይለወጥ ይሆናል፤ በር አትዝጋባት» አለች። ይህም እውነት ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። የሁለቱም የዓመት ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ይህን አይችልም። ኮሌጆቹ የቤተሰቡን ገቢ አይተው ይረዳሉ። በእርዳታው ደብዳቤ ላይ ስጦታ፣ ብድርና ተማሪው እየሠራ የሚያገኘው ገንዘብ ተለይተው ይጻፋሉ። ስጦታ አይመለስም። ብድር ግን ልጁ ተመርቆ ይከፍለዋል። ፖሞና ከሚሰጠው እርዳታ ውስጥ ብድር አያስገባም። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ደመርን፣ ቀነስን። በእኛ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ምርጫውን ለልጅቷ ተውንላት።

እሷም ሁለቱንም ሄዳ አየች። ክፍል ገብታ ተማረች፣ ከተማሪዎች ጋር ምሳ በላች። ፖሞና ውስጥ ሒሳብና ሙዚቃ አብሮ የሚማር ልጅ አገኘች። ደስ አላት። ሃርቪ መድ ስትሄድ ደግሞ ተማሪዎች በሌሊት ሰሌዳ ከበው በአንድ ጥያቄ ሲከራከሩ አየች። «አልገባኝም ያለውን ማንም አልሳቀበትም። እኔ እዚህ ነኝ» አለችን። ሃርቪ መድን መረጠች።

ቀላል አልሆነላትም። በሁለተኛው ወር እያለቀሰች ደወለች። «እዚህ ሁሉም ከየመጣበት አንደኛ ነው» አለች። ደግነቱ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማለፍና አለማለፍ እንጂ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ማርክ የለም። ኮሌጁ ልጆቹ እስኪለምዱ ይታገሣል። እሷም ለመደችው። ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ናት። ታሪክ ስለምትወድ በእግሯ ፖሞና እየሄደች ትማራለች። እናቷ የፈራችው በር ጨርሶ አልተዘጋም።

በሚመጣው ዓመት «ክሊኒክ» የሚባል ሥራ ትጀምራለች። ክሊኒክ ሲባል እናቴ «ታመመች እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ሐኪም ቤት አይደለም። አራት አምስት ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው፣ አንድ ድርጅት የቸገረውን ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚፈቱበት ትምህርት ነው። በ1963 የተጀመረ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የትም አገር ብትሆኑ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ስሙን ብቻ አትስሙ። ሁሉም ተማሪ በግድ የሚማረው ምንድን ነው? ልጁ ሐሳቡ ቢለወጥ መውጫ አለው? የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ሲከብደውስ ማን ያግዘዋል? ይህን እዚያው የሚማሩትን ጠይቁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ከሁሉ በፊት ግን ልጃችሁን ጠይቁት። የሚማረው እሱ ነውና።