ትንሹ አምፕሊፋየር

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለቤታችሁ ስፒከር አምፕሊፋየር ልትገዙ ነው? እንግዲያው አስቀድማችሁ የእኔን ጥፋት ስሙ።

አባቴ ለዓመታት በጨርቅ ሸፍኖ ያኖራቸው ሁለት ስፒከሮች ነበሩት፤ ጀርባቸው ላይ «8 ኦም፣ 100 ዋት» ይላል። አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ በእሱ ገንዘብ ባለ 20 ዋት ገዛሁ። ርካሽ ነበረ፤ ደግሞ ትንሽ ጉልበት ትልቅ ስፒከርን ምን ያደርገዋል ብዬ።

ቤታችን እንግዳ በሞላበት ቀን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትሁት። ሻከረ። ሰምቼ ዝም አልሁ። ማታ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ተቃጥላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየር አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። ከዚያ የሚወለደው ጉልበት ወደ ትዊተሯ ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ የምትችለው ጥቂት ዋት ነው። ስለዚህ ድምፁ ሲሻክር ቶሎ ቀንሱ። ኦሙንም እዩ፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከባለ 8ቱ እጥፍ ያህል ከረንት ይስባል፣ ያልተሠራለትን አምፕሊፋየር ያግለዋል። ዋትን ግን አታምልኩ፤ ዋቱ እጥፍ ቢሆን የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ለአባቴ «አርጅተው ነው» አልሁት። ዝም አለ። እውነቱን የነገርሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ጨርቁን እያለበሳቸው «ሲሻክር እኔም ሰምቻለሁ፤ መቼ እንደምትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አለኝ።