ብቻሽን ነሽ?

በብስክሌት አገር የሚያቋርጥ ሰው መንገድ ላይ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ብቻህን ነህ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ አላቸው። ሦስተኛው ግን፣ ቢያንስ እኛ አገር፣ ጥያቄ መሆኑም ያጠራጥራል። «ብቻህን ነህ?» ስንል «ሰው የለህም ወይ? ምን ሆነህ ነው ከወገን የተለየኸው? ብትጠፋስ ማን ይፈልግሃል?» ማለታችን ነው። ተጠያቂዋ ሴት ስትሆን ሌላም ይጨመርበታል፤ እሱን ቆይተን እናመጣዋለን።

«እኛ» የምንለው ሁለታችንን ነው። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ደጀን ያደግን፣ ጋዜጠኝነት ተምረን አዲስ አበባ የቀረን አብሮ አደጎች። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ትሰርዛለች። ቅር የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ የትኛዋ እንደጻፈችው አንናገርም።

ስለ ብስክሌት ለማውራት ምን ሥልጣን አላችሁ ለሚለን፣ ያሳደገን መንገዱ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በብስክሌት የሚጓዝ ፈረንጅ ከሱዳን በመተማ ገብቶ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ በኛ በር ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ «ቱር ዳፍሪክ» የሚባለው ጉዞ በቡድን ያመጣቸው ጀመር። ቡድኖቹ ብዙም አይገርሙንም ነበር፤ እህላቸውንና ጓዛቸውን የጫነ መኪና አላቸው። ዓይናችን የሚያርፈው ብቻውን በሚመጣው ላይ ነው።

እሱ በቴሌቪዥን የምናየውን ተወዳዳሪ አይመስልም። ብስክሌቱ ከባድ ነው፤ ከፊትም ከኋላም በቸርኬው ግራና ቀኝ ሻንጣ ተንጠልጥሎበታል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ትንሽ ምድጃ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽ፣ የካቴና ዘይት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። በረሃ ሲሆን አስር ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ አስር ሊትር ደግሞ አስር ኪሎ ነው። ሁሉም ሲደመር ሠላሳ፣ አርባ ኪሎ ይሆናል። የአንድ ኩንታል ጤፍ ሲሶውን በሁለት ጎማ ላይ ጭናችሁ አቀበት እንደመውጣት ቁጠሩት።

አቀበቱ ደግሞ ዓባይ ነው። ከአንዱ አፋፍ ከ1,200 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከካይሮ የሚመጣው ከኛ ተነስቶ ይወርድና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ከኬፕ ታውን የሚመጣው ግን በተቃራኒው ወደኛ ይወጣል። እኛ በቅርብ የምናውቀው ይሄኛውን ነው፤ ሲወጣ በሰዓት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው።

እዚህ ቁጥር ላይ ቁሙልን፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ማለት የልጅ እርምጃ ነው። በላንድክሩዘር የሚያልፈው ፈረንጅ ለኛ አቧራ ነበር፤ ባዶ የውሃ ጠርሙስ እንዲወረውርልን «ሃይላንድ!» ብለን ሳንጨርስ ይሰወራል። ብስክሌተኛው ግን የትም አይሰወርም። ልጆቹ አጠገቡ እየሄዱ ግማሽ ሰዓት ሊያዩት፣ ሊነኩት፣ ከኋላ ሊገፉለት፣ ሊያስጨንቁት ይችላሉ። «ዩ! ዩ! ዩ!»፣ «ዌር አር ዩ ጎ!»፣ «እስክሪብቶ!» ያለችው እንግሊዝኛ ይቺው ስለሆነች እሷኑ ደጋግሞ መጮህ ነው። ሰውየው ደግሞ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ፣ ትንፋሹ አልቆ፣ መልስ አይሰጥም። ልጆቹ ይሄን እንደ ኩራት ይቆጥሩታል።

ድንጋዩንም እንናገረው። በአገራችን ያለፉ ብስክሌተኞች በጻፏቸው ማስታወሻዎች ውስጥ ከተራራው፣ ከቡናውና ከእንጀራው ቀጥሎ (አንዳንዴም ቀድሞ) የሚመጣው ድንጋይ የሚወረውሩ ሕፃናት ታሪክ ነው። የሚወረውሩት እረኞች ናቸው። ለእረኛ ድንጋይ ረጅም እጁ ነው፤ ማሳ የገባች ላም ይመልስበታል፣ ውሻ ያባርርበታል፣ ዝንጀሮ ይከላከልበታል። ከሩቅ ላለ ነገር ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ምክንያቱ ይሄ ቢሆንም ጀርባው ለቆሰለ ሰው የሚፈይደው ነገር የለም፤ ስለዚህ እንደ አንዳንድ አገር ወዳዶች «ተጋኖ ነው» ብለን አንከራከርም።

ሴቶቹ ብዙም አንሮጥም ነበር። ጀሪካኑ ጀርባችን ላይ ነዋ።

አንድ በጋ ላይ ግን ከበረሃው የወጣችው ብስክሌተኛ ሴት ሆነች። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ፊቷ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ብቻዋን። ባዶ ጠርሙሷን ገልብጣ አሳየችን። ከጀሪካናችን ቀዳንላት። እሷም ከሻንጣዋ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አውጥታ ውሃውን እያጣራች መጠጣት ጀመረች። «ውሃችንን ተጸየፈችው» ብለን ተሳሳቅን። ሆዷ እንዳይታመም መሆኑን ማን ይንገረን? ማታ እናቶቻችን ወሬውን ሲሰሙ የጠየቁት ግን ስለ ውሃው አይደለም። አንዷ እናት «ልጆቿን ለማን ትታ ነው?» አለች፤ ሌላዋ «ባሏ ዝም አላት?» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ወንድ ብስክሌተኛ ሲያልፍ ልጆቹን ለማን ትቶ እንደመጣ የጠየቀ ሰው ሰምተን አናውቅም። ቅድም ቆይተን እናመጣዋለን ያልነው ይሄንን ነው። «ብቻህን ነህ?» ማዘን ነው፤ «ብቻሽን ነሽ?» ውስጥ ግን «ማን ፈቀደልሽ?» አለበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ስናነብ ያቺ ሴትዮ ትዝ አለችን። ደርቭላ አስር ዓመት ሲሞላት አሮጌ ብስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ በቀናት ውስጥ በብስክሌት ሕንድ እሄዳለሁ ብላ ወሰነች። በ14 ዓመቷ ግን በመገጣጠሚያ ሕመም የተያዙ እናቷን ለማስታመም ትምህርት አቋረጠች። እናቷ እ.ኤ.አ. በ1962 እስኪሞቱ ድረስ ቤት ነበረች። በጥር 1963፣ 31 ዓመቷ ላይ፣ አውሮፓ በከባድ ክረምት በረዶ ለብሳ ሳለ ተነሳች። ከዳንከርክ በዩጎዝላቪያ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አድርጋ በስድስት ወር ግድም ዴልሂ ገባች። ማርሹ ለዚያ መንገድ አይበረታም ብላ አስወልቃ፣ ሽጉጥ ይዛ። በዩጎዝላቪያ ተኩላዎች ላይ ተኩሳበታለች። አፍጋኒስታን ውስጥ የጎድን አጥንቶቿን በሰደፍ የተሰበረችው ብስክሌቷ ላይ ሆና ሳይሆን አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሰው ጋር ተሳፍራ ሳለ ነው። (ብቻ መሄድ አደገኛ ነው ለሚሉን ዘመዶች ይሄን ደጋግመን እንጠቅሳለን። ብዙም አልረዳንም።)

ይህችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 መካከል ወደኛ መጥታ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ በእግሯ ሄዳለች። ያኔ ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ያዘች። የሰሜንን ዳገት ላየ ሰው ልክ አድርጋለች። እኛን ግን የያዘን ጉዞው ሳይሆን ከ14 እስከ 30 ዓመቷ ያለው ጊዜ ነው። ያን ታሪክ የሚያህል የደጀን ታሪክ አላነበብንም። ከክፍላችን ልጆች ስንቷ ናት ታማሚ ልታስታምም ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል የቀረችው? አትላስ የሰጣት ባይኖርም።

ለነገሩ ብቻ መሄድ ለኛ አገር ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ ከዋሸራ ቅኔውን ጨርሶ ለድጓ እስከ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ። ምግብና ማደሪያ የሚያገኘው በማያውቀው ሰው በር ላይ ነው፤ የርቀት ብስክሌተኛ ኑሮ ማለት ይኸው ነው፣ ሲደመር ካላማዳሪ። ቆሎ ተማሪዎቹ ግን ወንዶች ናቸው። ቅኔ በማስተማር ስማቸው የገነነው እማሆይ ገላነሽ እንኳ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው መምህር ባይሆኑ ኖሮ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው አኮፋዳ ይሄዱ ነበር?

የቆሎ ተማሪውና የፈረንጁ ልዩነት ሲመሽ ነው የሚታየው። ብቻውን የሚሄድ ብስክሌተኛ አመሻሹ ላይ ሰው የሌለበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከመንገዱ ገባ ብሎ ብስክሌቱን አስተኝቶ፣ መብራት ሳያበራ ድንኳኑን ይተክላል። በሌላ አገር ይሄ ብልህነት ነው። እኛ አገር ግን ሰው የሌለበት ቦታ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ማሳው ባለቤት አለው፣ ቁጥቋጦው እረኛ አለው። ከጨለመ በኋላ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ሰው ደግሞ በኛ ቋንቋ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሽፍታ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ሊቀብር የመጣ ነው። ሚሊሻው መጥቶ ቢቀሰቅሰው፣ ፓስፖርትህን አምጣ ቢለው ይፈረድበታል? በኛ ደንብ መንገደኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥር ሥር ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ እግሩን ማጠብ፣ ማብላት፣ መደብ ላይ ማስተኛት የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያ ሰው በዚያች ሌሊት ቢጠፋ ጠያቂ አለው። ብዙ የቆዩት ብስክሌተኞች ይሄን ይደርሱበታል፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አስፈቅደው ድንኳን ሲተክሉ አይተናል። ጠዋት ቡና ሳይጠጡ አይለቀቁም።

ይህ ደንብ ለሴት እንግዳም ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ እንዲያውም ሴት እንግዳ ከቤቱ ሴቶች ጋር ትተኛለች። አስቸጋሪው እንግድነቱ ሳይሆን ከቤት መውጣቱ ነው።

ከተመረቅን በኋላ ከሁለታችን አንዷ በተቀጠረችበት ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቅር) ስለ አንድ ቆላ ወረዳ የውሃ ችግር ዘገባ አቀረበች። ሐሳቡ የሷ ነው፣ ስልክ የደወለችው እሷ ናት፣ ወረዳው ድረስ ምን መኪና እንደሚሄድ ያጣራችው እሷ ናት። አለቃዋ ተቀበለው። «ጥሩ ነው፣ ግን ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ አትላክም» ብሎ ለወንድ ባልደረባዋ ሰጠው። ልጁ በመኪና ከሹፌር ጋር ሄዶ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። በዘገባው ውስጥ አስተዳዳሪው አለ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አለ። ውሃ የምትቀዳ ሴት አንድም የለችም። በጨዋነት ተጠይቆ ምን አለ? «አላነጋገሩኝም።» በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እያለፈ ማን ያነጋግረዋል!

ካዚሚየርዝ ኖቫክ የሚባል ፖላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1936 አፍሪካን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ሄዶ ተመልሷል፣ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር። በብስክሌት ጀመረው፤ ብስክሌቱ ሲሰበር በእግር፣ በፈረስ፣ በጀልባ፣ በግመል ቀጠለ። በየደረሰበት ጽሑፍና ፎቶግራፍ ወደ አገሩ ጋዜጦች እየላከ ነበር የሚኖረው፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹም ከዚያው ነበር የሚጠብቁት። በተመለሰ በዓመቱ ሞተ። አሠሪ የማይልከው ጋዜጠኛ ራሱን ሲልክ እንዲህ ነው። የቀናንበት ጀግንነቱን አይደለም፤ በልጅ እርምጃ መሄዱን ነው። ሰው የሚያናግራችሁ በዚያ ፍጥነት ስትሄዱ ነው። ስለኛ መንገድ ያነበብነው ሁሉ በዚያ መንገድ ያለፉ እንግዶች የጻፉት ነው፤ ጀሪካን ተሸክማ ከዳር የቆመችው ሴት የጻፈችው እስካሁን አላጋጠመንም።

አሁን መንገዱ ሌላ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲጀመር የመተማው መግቢያ ለእንዲህ ያለ መንገደኛ አበቃ፤ በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተስፋፋ፣ በሐምሌ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ እኛ ራሳችን ወላጆቻችንን ለማየት ከመነሳታችን በፊት «መንገዱ ክፍት ነው?» ብለን እንደውላለን። ለብስክሌተኞቹ ሩቅ አገር የነበረው ደጀን ለኛም ሩቅ አገር ሆነ።

ቢሆንም በጋራ አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዝተናል። እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ተራ በተራ እንነዳለን። ጎማ ፈትቶ መለጠፍ ችለናል፣ ካቴና መቀጠል እየተማርን ነው። ሐሳቡ ቀኑ ሲመጣ ከደጀን በደብረ ማርቆስ አድርጎ እስከ ባሕር ዳር ነው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለየብቻ፤ አንዷ ስትጨርስ ብስክሌቱን ለሌላዋ ታስረክባለች። አብረን ከሄድንማ ማንም ደፍሮ ቡና አያፈላልንም፤ እርስ በርስ ስናወራ እናልፋለን። የምንጣላው በድንኳኑ ነው። አንዳችን ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፣ ይያዝ ትላለች። ሌላዋ ድንኳን የያዘ ሰው አጥር ሥር ቆሞ «ቤቶች!» አይልም ትላለች። እስካሁን የተስማማነው በካላማዳሪው ብዛት ብቻ ነው። አራት።