ቁልቁለት የሌለው ሩጫ



እኛ ባልና ሚስት የተራራ ብስክሌት ወዳጆች ነን። በምንኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ፋውንቴንሄድ የሚባል መናፈሻ አለ። በጫካው ውስጥ የዛፍ ሥርና ድንጋይ የበዛበት የብስክሌት መንገድ አለው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ አንጠፋም። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገቱ ምንም ቢከብድ ከጫፉ ወዲያ ቁልቁለት እንደሚጠብቀው ያውቃል። እዚያ ፔዳል አይመታም፤ ጣቱን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ይወርዳል፤ ነፋሱ ላቡን ያደርቅለታል፤ ትንፋሹም ይመለሳል።

ልጅ ስንጠብቅ ስድስት ዓመት ሆኖናል። ወገኖች ሲጸልዩልን "ይህ ዳገት ነው፤ ያልፋል" ይሉናል፤ እኛም አሜን እንላለን። ሁለት ጊዜ ተፀነሰ፤ ሁለቱም ጊዜ ሦስተኛ ወሩን ሳይሞላ ጨነገፈ።

ማራቶን ለመሮጥ የወሰንነው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ምክንያቱን ማስረዳት ይከብደናል፤ ቤት መቀመጥ አልቻልንም፣ ይኸው ነው። የተመዘገብነው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በዋሽንግተን አካባቢ በሚካሄደው የማሪን ኮር ማራቶን ነው። ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት የሌለው ስለሆነ እንደ እኛ ላለ ጀማሪ ይስማማል። ውድድሩ እሑድ በመሆኑ በቤት ኅብረታችን አንድ ወንድም ኤሪክ ሊድልን አነሣብን፤ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ አልሮጥም ብሎ፣ በኋላ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘውን ስኮትላንዳዊ ክርስቲያን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ ጉባኤ ግን የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ተከራይቶ የሚያመልከው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ መድረስ እንችላለን።

በልምምዱ ጊዜ ትንፋሽ አላስቸገረንም፤ ልብና ሳንባችንን ብስክሌቱ አዘጋጅቶልን ነበር። አጥንትና ጅማታችን ግን ለነገሩ እንግዳ ነበሩ። በብስክሌት ላይ ክብደትን ኮርቻው ይሸከማል፤ በሩጫ ግን እግር መሬት በነካ ቁጥር የሰውነትን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይቀበላል። የባሰው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። ብስክሌተኛ የሚያርፍበት ቁልቁለት ሯጭን ያደቅቀዋል፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ራሱ ፍሬን ይሆናልና።

ዕብራውያን 12፥1 በፊታችን ስላለው ሩጫ ሲናገር እንዴት እንደምንሮጥ የሚገልጽበት ቃል ትዕግሥት ነው። በግሪኩ ሁፖሞኔ ይባላል፤ ከሥር መቆየት እንደ ማለት ነው። ከሸክሙ ሥር መቆየት። ጥቅሱን ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ የገባን ግን ድልድዩ ላይ ነው ብንል አላጋነንም።

ድልድዩ ፖቶማክን የሚሻገረው የ14ኛው ጎዳና ድልድይ ነው፤ 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይገኛል። በተወሰነው ሰዓት ያልደረሰ ሯጭ አያልፈውም። ረጅም ነው፤ ጥላ የለውም። እዚያ ላይ የአንዳችን ጉልበት ታሰረ። ሌላችን መቅደም እንችል ነበር። በጫካው መንገድ የቀደመው መገንጠያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን መገንጠያ የለም። አብረን መራመድ ጀመርን። ለወራት ያላነሣነውን ነገር ያነሣነውም ያኔ ነው። ለካ ሁለታችንም፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር፣ ለሁለቱም ፅንስ በልባችን ስም አውጥተንላቸው ኖሯል። ስሞቹን ተነጋገርን። አለቀስን። ጸለይንም፤ የዚያን ዕለት ግን "ስጠን" ወይም "አሳልፍልን" አላልንም። "ከእኛ ጋር ሁን" ብቻ ነበር ያልነው።

የቀረውን አሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ማለት ይከብዳል። ውድድሩ የሚያበቃው ደግሞ ዳገት ላይ፣ የማሪኖቹ መታሰቢያ ሐውልት አጠገብ ነው። ለብስክሌተኛ ይህ እንደ ቀልድ ነው፤ ከዳገቱ ወዲያ ምንም የለም! ከስድስት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብለን እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን።

አሥር ሰዓት ላይ ጉባኤ ደረስን። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ወደሚጠጣበት ምድር ቤት የሚወስደውን ደረጃ ግን ፊት ለፊት መውረድ አቃተን፤ መደገፊያውን ይዘን ወደ ኋላ እየተራመድን ወረድን። ወጣቶቹ ሳቁብን፤ እኛም ሳቅን። አንዲት እናት "ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?" አሉን። ስለ ሩጫው ነገርናቸው፤ ሳናስበው ስለ ድልድዩም ነገርናቸው። "ያልፋል" አላሉንም። የልጆቹን ስም ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ከዚያ ሻያቸውን ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።