የነቢያት ጾምና ወላዱ ዓሣ

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል፣ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ በያይነቱ የክትፎን ወንበር ይረከባል፤ ዓሣ ለጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው አሮጌ ክርክርም አብሮ ወደ ገበታ ይቀርባል። ይበላል ባዮቹ ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች መካከል፣ በተለይ በግብጽ ኮፕቶች ዘንድ በሰፊው የሚነገረው፣ ዓሣ እንደ በግና እንደ ላም በሩካቤ የማይራባ፣ እንቁላሉን ውኃ ውስጥ በትኖ የሚሄድ ፍጥረት ስለ ሆነ ከፍትወት የራቀ ነው የሚለው ነው። ይህን ማስረጃ ለመመርመር ከሎስ አንጀለስ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ጾሙ በሚገባበት ወቅት በከተማይቱ አሸዋማ ዳርቻ መንጠቆ ላይ በብዛት ከሚወጡት ዓሦች አንዱ የማስረጃውን መሠረት የሚንድ ነውና።

የፌርፋክስና የኦሎምፒክ ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ማዕዘን ተነሥቶ ኦሎምፒክን ይዞ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። የባሕር ውኃ ከየብስ ዘግይቶ ስለሚሞቅና ዘግይቶም ስለሚቀዘቅዝ፣ አየሩ በበረደበት በመጸው መጨረሻ እንኳ ውኃው 17 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆያል፤ የበጋው ዋናተኛ ግን አስቀድሞ ስለሚበተን ዳርቻው ለአጥማጁ ይለቀቃል። በዚህ ወቅት አልፎ አልፎ የሚነሣው ሳንታ አና የተባለው ነፋስ፣ ማለትም ከምሥራቁ በረሓ ተነሥቶ ተራራውን ሲወርድ እየሞቀና እየደረቀ ወደ ባሕር የሚነፍሰው አየር፣ በየብስ የእሳት ቃጠሎ አባባሽ እየተባለ ቢረገምም፣ የዳርቻውን ማዕበል ፊት ስለሚያለሰልስ በአጥማጆች ዘንድ ብዙም አይጠላም።

በዚህ ጊዜ ከዳርቻ የሚፈለገው ዓሣ ባርድ ሰርፍፐርች ይባላል፤ ብርማ ሆኖ በጎኑ ላይ ወርቃማ ቡኒ ሰንበሮች ወደ ታች የሚወርዱበት፣ ማዕበል በሚሰበርበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። አያያዙም ውስብስብ አይደለም፤ ባሕሩ እየሞላ ባለበት ሰዓት፣ ቀጭን ፈትል፣ ከታች አነስ ያለ እርሳስና የአሸዋ ሸርጣን የተሰካበት መንጠቆ ይበቃል። አዲስ አጥማጅ ሁሉ የሚፈጽመው ስሕተት አሜሪካንን ለቅቆ እስያ የሚደርስ ይመስል መንጠቆውን አርቆ መወርወሩ ሲሆን፣ ዓሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ማዕበል ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ከእግሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ የተገለበጠውን አሸዋ እየፈተሸ ነው። ከ16 ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው ከአሸዋው ላይ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት ግድ ሲሆንበት፣ ከሕዝብ ፒር፣ ማለትም በምሰሶዎች ላይ ቆሞ ወደ ባሕር ከተዘረጋው መድረክ፣ ሲያጠምድ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። የሳንታ ሞኒካው ፒር እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1909 ሲከፈት ዋና ተግባሩ የከተማውን የፍሳሽ ቱቦ ከማዕበሉ ባሻገር መውሰድ ነበር፤ ዛሬ በላዩ ተደርድረው ዘንግ የሚይዙት ሰዎች ይህን ባያስቡት ለምግብ ፍላጎታቸው ይበጃል።

ወደ ተነሣው ነገር ለመመለስ፣ ሰርፍፐርች እንቁላል የማይጥል፣ በሩካቤ ፀንሶ ያደጉ ግልገሎችን የሚወልድ ዓሣ ነው። የዓሣ ሊቃውንት ይህን የተረዱት እ.ኤ.አ. በ1852 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ሠላጤ ሲያጠምድ በነበረ ኤ. ሲ. ጃክሰን በተባለ ሰው ምክንያት ነው። ጃክሰን የመንጠቆውን ምግብ ለመለወጥ ፈልጎ ከያዛቸው ዓሦች አንዱን ሲቀድ ከሆዱ ሕያው ትንሽ ዓሣ ወጣ፤ በመጀመሪያ የተዋጠ ምግብ መስሎት ነበር፤ አልፎ ሲቀድ ግን በስስ ከረጢት ውስጥ የተደረደሩ፣ እናታቸውን የሚመስሉ ብዙ ግልገሎች አገኘ። ነገሩን ለሃርቫርዱ ሊቅ ለሉዊ አጋሲዝ ጻፈለት፤ አጋሲዝ መጀመሪያ ላይ ማመን ቢቸግረውም ናሙናው ሲደርሰው በ1853 አዲስ የዓሣ ቤተሰብ ብሎ አሳተመው፤ ከዝርያዎቹም አንዱን በጃክሰን ስም ጠራው። በዚያው ሰሞን ሳን ፍራንሲስኮ የነበረው ዊልያም ጊበንስም የዚሁ ወገን የሆኑ በርካታ ዝርያዎችን ሰይሟልና፣ ክብሩ የማን ነው የሚለው አከራካሪ ነው፤ በፍርድ ሚዛን ሲታይ ግን ቢላዋውን ለያዘው አጥማጅ ቢሰጥ የሚያስከፋ አይደለም።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ወቅቱ ነው። ባርድ ሰርፍፐርች የሚገናኘው በመጸው መጨረሻና በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ማለትም ምእመናን ከሥጋ ፈቃድ በሚታቀቡበት በዚያው በነቢያት ጾም አካባቢ ሲሆን፣ እንስቲቱ በአማካይ 30 ያህል ግልገል የምትወልደው ከመጋቢት ወዲህ ነው። ስለዚህ «ዓሣ ከፍትወት የራቀ ነው» የሚለው ክርክር ለጣናው ቆሮሶ ይሠራ እንደ ሆነ እንጂ ለሳንታ ሞኒካው ዓሣ አይሠራም።

ከጾሙ ክርክር ውጭ የሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለ። በዚሁ ወቅት ብዙዎች በሌሊት መረብ የሚያወርዱለት ሎብስተር፣ ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው ለኦሪት ሥርዓት ታማኝ የሆነው አጥማጅ ገና ከውኃው ሳይወጣ ይተወዋል። በፒሮቹ ላይ በቀላሉ የሚያዘው ኋይት ክሮከር ግን ክንፍም ቅርፊትም ቢኖረው፣ ከሳንታ ሞኒካ ፒር በስተ ደቡብ እስከ ሲል ቢች ፒር ባለው ውኃ የተያዘው እንዳይበላ የካሊፎርኒያ ግዛት የጤና ባለሥልጣናት ያስጠነቅቃሉ፤ ምክንያቱም ሞንትሮዝ የተባለ ፋብሪካ ለዓመታት በፍሳሽ መስመር የለቀቀው ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ በፓሎስ ቨርደስ የባሕር ወለል ላይ ተከማችቶ፣ ከወለሉ በሚመገቡ ዓሦች ስብ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ሰርፍፐርች ፈጽሞ አይበሉ ከተባሉት ውስጥ የለም።

ኮፕቶች በዚህ ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ዓሣ መብላታቸው የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ልማድ ደግሞ የሥነ ሕይወት ምስክር አያሻውም። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ነገሩ ገና ስላልለየለት፣ በፌርፋክስ ገበታ ዙሪያ የሚከራከር ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ሰርፍፐርችን ግን ለምስክርነት ባይጠራው ይሻላል።