ከእንጦጦ አብነት በጨርቅ ክንፍ

ከሰፈሬ ከአብነት እስከ ሽሮ ሜዳ ያለውን መንገድ ንዴት በላው። የታክሲው ረዳት የሽሮ ሜዳን ሂሳብ ተቀብሎ ፒያሳ ላይ «መጨረሻ!» አለ፤ ተሳፋሪው ጮኸ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረድን።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ ግን አንድ ሱቅ ደጃፍ የተሰቀለ ነጠላ ነፋስ ሞልቶት ሲወጠር አይቼ ቆሜ ቀረሁ። በእግር ተሮጦ የሚነሳው ፓራግላይደርም የሚበረው በዚሁ ነው። ክንፉ ላይ እንጨትም ብረትም የለም። ድርብ ናይለኑ ፊቱ ላይ አፎች አሉት፤ በሩጫ ነፋስ ይገባባቸውና ውስጡን ነፍቶ ጨርቁን ክንፍ ያደርገዋል። አሠራሩን በ1960ዎቹ የነደፈው ካይት ሠሪው ዶሚና ጃልበርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረንሳይ አልፕስ፣ ሚዩሲ በምትባል መንደር ፓራሹት ዘላዮች አውሮፕላኑን ትተው ከተራራ ተዳፋት ሮጠው ተነሱ። ዛሬ ክንፉ አራት አምስት ኪሎ ነው፤ ተጣጥፎ ጀርባ ላይ ይታዘላል።

ከዚያ ወጥቼ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከአንድ አዛውንት ጎን ተቀመጥኩ። ስለ ክንፉ ስነግራቸው «ልጄ፣ ታዲያ ከዚህ ሰፈርህ ያደርስሃል?» አሉኝ። ጥያቄው ልቤን ነካው፤ ደብተሬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ።

እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አብነት ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ርቀቱም በቀጥታ ስምንት ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ተራ ፓራግላይደር አንድ ሜትር ሲወርድ ዘጠኝ ሜትር ወደፊት ይሄዳል፤ ነፋስ ከሌለ 5.4 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መሬት ይነካል። በአሉሚኒየም ቱቦ የተወጠረው ሃንግ ግላይደር ግን በአንድ ሜትር እስከ 15 ስለሚንሸራተት እስከ 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ክብደቱ 30 ኪሎ ያህል ነው፤ እሱን ተሸክሞ መሮጥ ነው ዋጋው።

«ሃንግ ግላይደሩ ያደርሰኛል፣ አባባ» አልኳቸው።

ከባዱ መነሳቱ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል። የመንሸራተት ምጣኔው አይለወጥም፤ ፍጥነቱ ግን 16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር የሚነሳ ክንፍ እዚህ 29 ይጠይቃል። የ15 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ እግር የሚሸፍነው 14ቱን ብቻ ነው። በስስ አየር አውሮፕላንም ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልገዋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረበት የእኛው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ።

ከፊታችን ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ ከፍ እያለ አለፈ። አዛውንቱ በጣታቸው ተከተሉት።

እዚህ ደግሞ ያናደደኝ ባሕር ዛፉ ነው። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የተተከለው ዛፍ ተዳፋቱን ሸፍኖታል፤ ከጀርባው ነፋስ ይታወካል፣ ገመድም ይጠላለፋል። ከተማው ላይ መብረር አይመከርም፤ በሰሜን በኩል ግን የሱሉልታ ሜዳ አለ። ሣር ብቻ የለበሰ፣ ወደ ነፋስ የዞረ ጥቂት ተዳፋት ቢጠረግ፣ የአቪዬሽን ፈቃድም ቢገኝ፣ ከዚያ ሮጦ የሚነሳ የአብነት ልጅ ማየት እፈልጋለሁ።